ጋሽ ተፈራና የሟች ውስኪ

የዚያን ቀን ሳሎኑ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። ሦስቱ ሽማግሎች ከበሩ ገባ ብሎ፣ ምንጣፉ የሚጀምርበት ላይ ቆመዋል፤ የመጡበት ጉዳይ ሳይመለስላቸው አይቀመጡም። የልጅቱ አጎት በላይ ቡፌውን ተደግፎ ቆሟል፤ ጠርሙሱ ከትከሻው ጎን ነው። እናትየዋ ወይዘሮ ፀሐይ እጃቸውን በሽርጣቸው ጠቅልለው ጓዳው በር ላይ ናቸው። ልጅቱ ሜሮን አትታይም፤ ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ስር ግን የነጠላ ጫማዋ ጫፍ ይታያል። ሙሽራ ሊሆን የሚጠይቀው ዳዊት በሽምግልና ቀን እዚያ መገኘት አልነበረበትም። ቢሆንም አንድ እግሩን ደፉ ላይ፣ ሌላውን ደረጃው ላይ አድርጎ ቆሟል። ጋሽ ተፈራ መስኮቱ አጠገብ ናቸው፤ ብርሃን ይፈልጋሉ። እኔ የብርጭቆ ዘንቢላቸውን ይዤ ከኋላቸው።

ያን ያህል ወንበር ኖሮ አንድም ሰው ያልተቀመጠበት ሳሎን ሌላ ጊዜ አላየሁም።

ጋሽ ተፈራ ባለፈው ክረምት አረፉ። የደወሉልኝ እኅታቸው ወይዘሮ ዓለሚቱ ናቸው። “ዘነበች፣ ወንድሜ አረፈ” ብለውኝ ስልኩን ዘጉት። ምስር እየለቀምኩ ነበር፤ ለቅሜ ጨረስኩ። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተኝ። ይህንንም ጽሑፍ እየተነሣሁ፣ በረንዳ ድረስ እየሄድኩ እየተመለስኩ ነው የጻፍኩት። የሰዎቹን ስም ለውጫለሁ፤ ሰፈራቸውንም ትንሽ አንቀሳቅሻለሁ። ይህን ያደረግኩት ለጋሽ ተፈራ ብዬ አይደለም። ለማን እንደሆነ ያነበበ ያገኘዋል።

ግሮሰሪያቸው ከቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ነበር። ከፊት ለፊት ቆመው የሚጠጡ ሰዎች የሚደገፉበት ባንኮኒ፣ ከኋላ ታሽጎ የሚሸጥ መጠጥ የተደረደረበት መደርደሪያ፣ በመሐል ደግሞ እኔ፣ ካዝናዬና አንዲት ኩርሲ። እሳቸው ወንበር አልነበራቸውም። ሥራ ስጀምር፣ አዝኜላቸው መሰለኝ፣ የኔን ብለቅላቸው “ተቀመጪ፣ የተቀመጠ ሰው ነው የሚሰረቀው” አሉኝ። ከመደርደሪያው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መደርደሪያው ይመላለሱ ነበር። መሄጃቸው ላይ ያለው ሴራሚክ ከሌላው ይልቅ ደብዝዟል። ደንበኞቹ “ጋሼ፣ ኪሎ ሜትሩን ማን ይከፍልዎታል?” እያሉ ይቀልዱባቸዋል። እሳቸው አይስቁም። ሲያልፉ የቀልደኛውን ብርጭቆ አንሥተው ያጠቡበታል፤ ይጨርስ አይጨርስ አይጠይቁም።

በልጅነታቸው ፒያሳ አንድ የአርመን ነጋዴ ዘንድ ተቀጥረው ነው መጠጥ ማወቅ የጀመሩት። ከዚያ ወዲህ ያለውን እሳቸው አይናገሩም፣ እኔም አልጠይቅም። የማውቀው ውስኪ ለማስገመት የሚመጣው ሰው ብዛት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ጥሩ ውስኪ ብዙ ጊዜ አይጠጣም። ይሰጣል። የተሰጠው ሰው ቡፌ ላይ ያቆመዋል፣ ወይም ለሌላ ይሰጠዋል፣ ያም ለሌላ። ሲሾሙ፣ ሲመርቁ፣ ሲያስታርቁ፣ ሲለምኑ ውስኪ ይዞ መሄድ ነው። በመጨረሻ አንዱ ይቸግረዋል ወይም ይጠራጠራል። ያኔ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወደ ጋሽ ተፈራ ይመጣል።

እሳቸው መጀመሪያ ጠርሙሱን አይነኩም። “ማን ሰጠህ?” ብለው ይጠይቃሉ። ከዚያ ቁመቱን ያያሉ፣ ማለት ውስኪው አንገቱ ላይ የት እንደደረሰ። ከዚያ እሽጉን በጥፍራቸው ይዳስሱታል። ባለቤቱ ይከፈት ካለ ዘንቢሉን ከእኔ ይቀበሉና ከፎጣ ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ያወጣሉ። በሌላ ሰው ብርጭቆ አይቀምሱም፤ “የቡፌ ብርጭቆ ቡፌ ቡፌ ይላል” ባይ ናቸው። አንዷ ጠብታ መዳፋቸው ላይ፤ ያሹታል፣ ያሸቱታል። ከዚያ አንድ ጉንጭ ይዘው እስከ በሩ ይሄዳሉ። ሲመለሱ ውጠውታል። የሚናገሩት ከሦስት ቃል አንዱን ብቻ ነው፤ ይሸጥ፣ ይጠጣ፣ ወይም ይደፋ። ዋጋውን ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ነው፤ እሱንም ለጠርሙሱ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚናገሩት።

አንድ ሰው በሰፈሩ ትልቅ ሕንፃ አስገንብቶ ነበር። ለምረቃው ብሎ ሁለት ጠርሙስ የሠላሳ ዓመት ውስኪ ይዞ መጣና አንዱን አስከፈተ። ጋሽ ተፈራ ጉንጫቸውን ይዘው እስከ በሩ ሄዱ፤ እዚያው ቆሙ። ረጅም ጊዜ ሳይመለሱ ሲቀሩ ደንበኞቹ ዞረው አዩዋቸው። ተመልሰው መዳፌን እንድዘረጋ ነገሩኝና ጠብታ አስቀመጡልኝ። እኔ መጠጥ አልጠጣም። እሺ ብዬ ግን አሸተትኩ። መጀመሪያ የደረቀ ብርቱካን ልጣጭ መሰለኝ፤ ቆይቶ ማርና ሰም፤ እጄ ሲደርቅ ደግሞ በወይራ የታጠነ የወተት ዕቃ።

“ስንት ዓይነት ውስኪ ነው እዚህ ውስጥ ያለው?” አሉኝ።

አንድ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ።

“ድብልቅ ነው። ሰው ድብልቅ ሲባል ይንቃል። ማኅሌት የሚቆመው አንድ ሰው ነው? አንዱ ያስላል፣ አንዱ ይሸፍንለታል፤ አንዱ ድምፁ ያረጃል፣ ሌላው ያነሣለታል። ከውጭ የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው። ይሄን የደባለቀው ሰው ማን ከማን ጎን እንደሚቆም ያውቃል።” ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞረው “ይጠጣ” አሉት።

ሰውዬው ሁለተኛውን ለማስቀመጥ እንደሚፈልግ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የአምሳ ዓመት ውስኪ እንደሚሆንለት ነገራቸው። እንዲህ የሚያስብ ብዙ ነው፤ ቡፌ ላይ የሚያረጅ የሚመስለው።

“ከበርሜል ከወጣ ልደት አያከብርም” አሉት። “ጠርሙስ ውስጥ የሚያረጀው ባለቤቱ ነው። ማስቀመጥ ከሆነ የምትፈልገው ባዶውን አስቀምጥ፤ ከሩቅ ያው ነው።”

ሰውዬው ተቀይሞ ወጣ። በኋላ ግን ጓደኞቹን እየላከ ያስገምት ነበር።

አስቸጋሪ ሰው ነበሩ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ሌላ ሰው ነው የምጽፈው። ለማንም አይራሩም። አንድ ፋሲካ እኅታቸው ቤት እንግዳ በተሰበሰበበት የእኅታቸው ባል ከገበያ የገዛውን ውስኪ በኩራት ቀዳላቸው። አፋቸው ውስጥ ካስገቡት በኋላ ተነሥተው ማጠቢያው ላይ ተፉት። “ይደፋ” አሉ። ሰውዬው ፊቱ ቀላ፤ እንግዳው ብርጭቆውን ማስቀመጫ አጣ። ወይዘሮ ዓለሚቱ በኋላ ግሮሰሪው ድረስ መጥተው ምናለ ዝም ብለህ ብትውጠው ሲሉ ወቀሷቸው። እሳቸው መመላለሳቸውን ሳያቆሙ ከዋጡት ውሸቱ ከእሳቸው ጋር እንደሚሄድ መለሱላቸው። እኅትና ወንድም ለረጅም ጊዜ ተኳረፉ።

ባዶ የውጭ ውስኪ ጠርሙስም ከቤታቸው በደኅና አይወጣም ነበር። ቆራሌዎች ባዶውን ገዝተው ለሚሞሉት ሰዎች ይሸጡታል። ጋሽ ተፈራ ከረጢት ውስጥ ከትተው በመዶሻ ይሰብሩታል። አንድ የሚያውቁት ቆራሌ በየሳምንቱ በሩ ላይ ቆሞ “ጋሼ፣ የልጆቼን ዳቦ ነው የሚሰብሩት” ይላቸዋል። “ሌላ ዳቦ ፈልግ” ይሉትና በዓል ሲሆን ግን አንድ ጠርሙስ ወይን ጠቅልለው ይሰጡታል። ከእኛ ታሽጎ የሚወጣው መጠጥ ደግሞ ሁሉ፣ ቂጡ ላይ ነጥብ አለው። ነጥቡን የማደርገው እኔ ነበርኩ፣ በቀይ የጥፍር ቀለም። አንድ ሰው ሌላ ቦታ የገዛውን አምጥቶ ከእናንተ ነው እንዳይለን ነው። ሥራ ከጀመርኩ ጊዜ አንሥቶ አንድም ጠርሙስ ሳልነጥብ አላሳለፍኩም።

ወደ ሳሎኑ ልመለስ።

በላይ ደንበኛችን ነበር፤ ዱባይ እየተመላለሰ ዕቃ የሚያመጣ፣ ቀልደኛ፣ ሆዱ ውስጥ ነገር የማያድር ሰው። የሜሮን አባት በልጅነቷ ስለሞቱ የሚያሳድጋትም የሚድራትም እሱ ነው። ቤታቸው በለሚ ኩራ በኩል፣ ገና ግንባታው ካላለቀ ሰፈር ውስጥ ነው። ሽማግሎቹ መጀመሪያ በመጡ ቀን እንደ ወጉ “ቤተሰብ ይምከርበት” ተብለው ተመለሱ። ሲመለሱ አንድ ጠርሙስ ትተው ሄዱ፤ የሠላሳ ዓመት ድብልቅ ውስኪ፣ ከነካርቶኑ። በላይ ካርቶኑን ከፍቶ አየውና የአንገቱ ወረቀት በተራ ሙጫ እንደተለጠፈ ገባው። ቀለሙም ደስ አላለውም። ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አጣ። በግሮሰሪያችን ባንኮኒ ላይ ቆሞ፣ ዛሬ ፎርጅድ ውስኪ የሰጠኝ ሰው ነገ ልጄን ምን ሊያደርጋት ነው፣ ምን ያህል ቢንቁን ነው እያለ ሲናገር ሰማሁት። ሽማግሎቹ ለመልስ በሚመጡበት ቀን እፊታቸው ጠርሙሱን ሊያስከፍት ወሰነ። ፎርጅድ ከሆነ ልጅቱን አይሰጥም። ጋሽ ተፈራ እንዲመጡለት ለመናቸው።

እሳቸው እንቢ ይላሉ ብዬ ነበር። ወደ ሰው ቤት ሄደው አይቀምሱም። ግን “ዘነበች፣ ዘንቢሉን ያዢ” አሉኝ።

ሽማግሎቹ ነገሩ ሲነገራቸው በጣም ከፋቸው። ከመሐል የቆሙት ቄስ፣ ሽማግሌ ይዞ የመጣው ነገር ሲመረመር በዕድሜያቸው እንዳላዩ ተናገሩ። አንደኛው ስልክ ደወሉ። ታች መኪና ውስጥ ሲጠብቅ የነበረው ዳዊት ወግ ጥሶ ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ቀጭን፣ ከረባት ያሰረ ልጅ ነው። ጠርሙሱ የአባቱ እንደነበረ፣ አባቱ ከሞቱ ገና እንዳልቆየ፣ እናቱ ከቤት ካለው ሁሉ የሚበልጠውን እንደላኩ ነገራቸው። ከመጋረጃው ስር የነበረው ጫማ ተንቀሳቀሰ።

ጋሽ ተፈራ እሽጉን ቆርጠው ቡሹን ነቀሉ። ቀዱ። ወደ መስኮቱ አነሡት። መዳፋቸው ላይ አሹት። አንድ ጉንጭ ያዙና መሄድ ጀመሩ፤ ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሦስት ርምጃ እንደሄዱ ቡፌው አቆማቸው፣ ተመለሱ፣ ሽማግሎቹ ጋ ደርሰው ተመለሱ። ሰው ሁሉ በዓይኑ ይከተላቸዋል። ዋጡት። ከዚያ ሲያደርጉት አይቼ የማላውቀውን አደረጉ፤ ሁለተኛ ጉንጭ ያዙ።

“አባትህ ምን ነበር ሥራው?” አሉት ዳዊትን።

የውጭ ድርጅት ሾፌር እንደነበሩ፣ ጡረታ ሲወጡ አለቆቻቸው በክብር እንደሰጧቸው ነገራቸው።

“ይጠጣ ነበር?”

“አባቴ?” አለ ዳዊት። “አባቴ ጠብታ አይነካም። ይቺን ጠርሙስ ራሱ እኛ እንድንነካት አይፈልግም። ቅዳሜ ቅዳሜ በሩን ዘግቶ፣ አውርዶ፣ አቧራዋን ጠርጎ ይመልሳት ነበር። ልጆች ናችሁ ትሰብሯታላችሁ ይለናል።”

ጋሽ ተፈራ ልጁን አዩት። ከዚያ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ። ውጭ የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ያልተለሰነ ግድግዳና ብረት የሚቆርጡ ሰዎች። ብርጭቆውን ለእኔ አቀበሉኝ። ሳላስበው ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። አረቄ ሸተተኝ፤ ከሥሩ ደግሞ ሻይ። ከሁሉ በታች፣ በጣም ርቆ፣ ያ ማርና ሰም።

“እንግዲህ ጋሼ፣ ይንገሩን” አለ በላይ። “ፎርጅድ ነው አይደለም?”

“ነው” አሉ።

ወይዘሮ ፀሐይ ሽርጣቸውን ለቀቁት። በላይ ወደ ሽማግሎቹ ዞሮ አፉን ሲከፍት ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አነሡ።

“አልጨረስኩም። የሸጥኩት እኔ ነኝ።”

በላይ ከተደገፈበት ቡፌ ቀና አለ።

“የአባቱ መሥሪያ ቤት ለጡረታ ስጦታ ብሎ ከእኔ ቤት ነው የገዛው። ከአንድ መንገደኛ ላይ ገዝቼ፣ እሽጉን ብቻ አይቼ አሳለፍኩት። ሙጫው ያኔም ነበረበት፤ አላየሁትም። እነዚህ ሰዎች የሰጧችሁ ካላቸው ሁሉ የሚበልጠውን ነው። የናቃችሁ የለም። ጥፋቱ የእኔ ነው።”

“እርስዎ?” አለ በላይ። “እርስዎ ተሸወዱ?”

“አፍንጫ ነው፣ ታቦት አይደለም።”

ጠርሙሱን አንሥተው ለእኔ ሰጡኝ፤ ማጠቢያው ላይ እንድደፋው። ጓዳ ገብቼ ስደፋው ገለበጥኩት። ቂጡ ላይ ነጥብ የለም። ጥፍር ቀለም ሲለቅ ትንሽ ጥላ ይቀራል፤ ጥላም የለም። የአንድ የሩቅ አገር አውሮፕላን ጣቢያ ትንሽ ወረቀት ግን ጎኑ ላይ ተለጥፎ ነበር። በጥፍሬ ፋቅኩት።

ወደ ሳሎን ስመለስ ሽማግሎቹ ተቀምጠዋል። በላይ የሚይዘው ነገር ስላጣ ይስቃል፣ ቄሱን ወንበር ይጋብዛል፣ ዳዊትን በትከሻው ያቅፋል። ልጅቱ ተጠርታ ወጣች። እልል ተባለ። ሰው ሁሉ በአንዴ ማውራት ጀመረ። ጋሽ ተፈራ ብቻ አልተቀመጡም። ብርጭቆዎቹን ሳያጥቡ በፎጣ ጠቀለሏቸው። በላይ እስከ ደረጃው ሸኘንና እዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “ጋሼ፣ እንግዲህ ለስንታችን ነው እንዲህ የሸጡልን?” አላቸው። እየቀለደ ነበር። እየቀለደም አልነበረም።

መኪና ለመያዝ እስከ ዋናው መንገድ በእግር ወረድን። ፈጥነው ይሄዳሉ፤ እከተላለሁ።

“ያ ጠርሙስ ከእኛ ቤት አልወጣም” አልኳቸው።

“አውቃለሁ።”

“ታዲያ?”

“ቅዳሜ ቅዳሜ” አሉ። “ሰውዬው በሩን ዘግቶ ትንሽ ይቀምሳል። የጎደለውን በአረቄ ይሞላል፤ ቀለሙ እንዳይነጣ ሻይ ይጨምርበታል። ለብዙ ዓመት። ባዶ ጠርሙስ የሚሞላ ነጋዴ እንዲህ አይሠራም፣ አንዴ ነው የሚሞላው። ይሄ የራሱን ውስኪ ነው የጠጣው፤ ማንንም አልሰረቀ። ግን ልጁ ምን እንዳለ ሰማሽ፤ ጠብታ አይነካም አለ። ምን ልበለው? በእነዚያ ሁሉ ሰዎች ፊት?”

“እውነቱን ሁልጊዜ ይናገሩ የለም እንዴ?” አልኩ። ሳልፈልግ ነው የወጣኝ።

ቆሙ። ሲቆሙ ማየት አልለመድኩም።

“ዘነበች፣ አፍሽን እንደ ካዝናሽ ዝጊው” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገርንም።

በላይ ግን ተናገረ። ክፋት የለበትም፤ ለሠርጉ ወሬ ማጣፈጫ አድርጎት ነው። የታወቁት ቀማሽ ራሳቸው ፎርጅድ ይሸጡ ነበር የሚለው ወሬ ግን ከሠርጉ ቀድሞ መድኃኔዓለም ደረሰ። ሰዎች የገዙትን መመለስ ጀመሩ። እሳቸው አልተከራከሩም፤ ከነነጥቡ የመጣውን ሁሉ ተቀበሉ። የሚያስገምት ሰው ቀረ። መጀመሪያ የሩቁ፣ ከዚያ የሰፈሩ። ባንኮኒው ላይ የሚቆሙት ቢራ ጠጪዎች ብቻ ሆኑ። ባለ ሕንፃውም አንድ ቀን በበሩ ሲያልፍ “ጋሼ፣ ልደት አያከብርም ያሉኝ ውስኪ ተወልዶ ነበር ለመሆኑ?” አላቸው። ሰዎቹ ሳቁ። ጋሽ ተፈራ ቀና ብለው አላዩትም፤ ብርጭቆም አላነሡበትም።

አንድ ከሰዓት ጥቁር የለበሱ ሴት ወደ ግሮሰሪው ገቡ። የዳዊት እናት፣ ወይዘሮ አስካለ ናቸው። መጠጥ ቤት ገብተው የማያውቁ መሆናቸው ያስታውቃል፤ ቦርሳቸውን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ተፈራ የሚባለው ማን እንደሆነ ጠየቁ። እሳቸው ወደ ሴትየዋ ሄዱና ቆሙ።

“ባሌ ዕድሜ ልኩን ለሰው ነዳ” አሏቸው። “አንድ ቀን አመስግነው አንድ ነገር ሰጡት። እሱን አቅፎ ኖረ። እርስዎ እንደዚያ አድርገው ቀለዱበት።”

“ጥፋቴ ነው” አሉ ጋሽ ተፈራ።

“ሞኝ አደረጉት።”

“ጥፋቴ ነው፣ እመቤቴ።”

ወደ ላይኛው መደርደሪያ ሄደው፣ ለማንም የማይሸጡትን፣ ያ ባለ ሕንፃ ካመጣው ጋር አንድ ዓይነት የሆነውን ጠርሙስ አወረዱና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡላቸው። ሴትየዋ አዩት። “በዚህ ደግሞ ሌላ ሰው ያታልሉበት” ብለው ወጡ።

እኔ ካዝናዬ ላይ ተቀምጬ ነበር። መሳቢያውን ከፍቼ ዘጋሁት። ጋሽ ተፈራ ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሱና መመላለሳቸውን ቀጠሉ። ያን ዕለት ግን በሩ ጋ ሲደርሱ ወደ ውጭ ወጥተው፣ ዙሪያውን ዞረው ነው የሚመለሱት። እስክንዘጋ እንደዚያ ነበሩ።

ግሮሰሪውን ከዚያ በኋላ ብዙ አላቆዩትም። እኔም ዕድሜዬ ደርሶ ስለነበር ቤቴ ገባሁ። እሳቸው እኅታቸው ጋ፣ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ተዛወሩ። አልፎ አልፎ ሾላ ገበያ ለበርበሬ ስሄድ ከታክሲ መስኮት አያቸው ነበር። መንገድ ለመንገድ ይሄዳሉ፤ የያዙት ነገር የለም፣ የሚገዙት ነገር የለም። አንድ ቀን ወርጄ ሰላም አልኳቸው። ጤንነቴን ጠየቁኝ፣ ከዚያ መልሴን ሳልጨርስ “ልጅ ወለዱ አሉ” አሉኝ። እነማን እንደሆኑ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅኩም። “ሴት ናት አሉ” አሉና አለፉ። እኔ እዚያው እንደቆምኩ እሳቸው ሄደዋል። ያ ነው የመጨረሻው።

ለቅሶው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ በተተከለ ድንኳን ነበር። ዝናብ ስለነበር ሰው መሐል መሐል ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ወይዘሮ ዓለሚቱን አቅፌ ጥግ ያዝኩ። ትንሽ ቆይቶ በላይ ገባ፣ ከኋላው ሜሮንና ዳዊት፤ ዳዊት ሕፃን ልጅ አቅፏል። ቀዩን ጭቃ ከጫማቸው ላይ እያራገፉ መጥተው ከእኔ ጎን ተቀመጡ።

በላይ ዝምታ አይችልም። ጋሼ እንዴት ያለ ሰው እንደነበሩ፣ ከተማው እንዲህ ያለ ምላስ ዳግመኛ እንደማያገኝ ለጎረቤቱ አወራ። ከዚያ “ምን ዋጋ አለው፣ በመጨረሻ ያቺ ጠርሙስ አዋረደቻቸው” አለ። ጎረቤቱ ምን ጠርሙስ ብሎ ጠየቀ። በላይ ነገረው። ሜሮን እጁን ነካ አደረገችው፤ አልተወም።

ዳዊት ልጁን ወደ ሌላው ጉልበቱ አዛወረና ወደ እኔ ጎንበስ አለ።

“እትዬ ዘነበች፣ እርስዎ አብረዋቸው ነበሩ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የመጣሁትም ሜሮን ስለለመነችኝ ነው። ያን ጊዜ ሲሸጡት፣ አውቀው ነው?”

ሕፃኗ የነጠላዬን ጥለት ይዛ ትጎትታለች። በላይ ማውራቱን አቁሞ ይሰማል። ወይዘሮ ዓለሚቱም ከወዲያ ማዶ ያዩኛል፤ ስለ ወንድማቸው አንድ መልካም ነገር የምናገር መስሏቸዋል።

“አውቀው አይደለም” አልኩት።

“እርግጠኛ ነዎት?”

“እርግጠኛ ነኝ።”

ዳዊት ቀና ብሎ ተነፈሰ። ትከሻው ላይ የነበረ ነገር የወረደለት ይመስላል።

“እንዲያ ከሆነ ይቅር ብያቸዋለሁ” አለ። “አባቴም ባለበት ይቅር ይበላቸው።”

“አሜን” አለች ሜሮን። በላይም አሜን አለ። አጠገባችን ያሉት ምን እንደሆነ ሳያውቁ አሜን አሉ።

ጥለቱን ከሕፃኗ ጣት አላቀቅኩ። ጃንጥላዬን ከወንበሩ ሥር አነሣሁ፣ ወይዘሮ ዓለሚቱን ራሴን ዝቅ አድርጌ ተሰናበትኩና ከድንኳኑ ወጣሁ።